ቨርዲኪዮን ከምግብ ጋር ቅመሺው

ጠርሙሱን መልሰሽ አትክደኚው፤ ወይኑ ምንም አልሆነም። አንዴ ተጎንጭተሽ ፊትሽን ስላጨማደድሽ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የሸጠልሽም ሰው አላታለለሽም። ጎምዛዛ ነው፣ ሲወርድ ደግሞ መረር ይላል፤ ጠባዩ ነው። አሁን ከትሪው ላይ አንድ ቁራጭ ድንች አንሺ። የደረቀውን ተዪው፤ ዘይት የጠጣውን፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነውን። ጨው ነስነስ አድርጊበትና ብዪው። በደንብ አላምጪ። በይ አሁን ደግመሽ ተጎንጪ። አየሽ፣ አፍሽን የሸፈነው ዘይት ተጠርጎ ሄደ፤ ያ መራራ ነገርም ለዘብ ብሎ የአልሞንድ ጣዕም ሆኖ ቀረ። ምራቅሽ መጣ፣ ሌላ ድንች አማረሽ። ልነግርሽ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ቨርዲኪዮ በባዶ አፍ ተቀምሶ የሚፈረድበት ወይን አይደለም። ከምግብ ጋር ካልሆነ ማንነቱ አይታወቅም።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እሑድ ማን እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። የእጮኛሽ እናትና አባት አንኮና ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ሲኞራ ወይኑን ብቻ አይቀምሱም፤ ከምን ጋር እንዳቀረብሽውም ያያሉ። ውድ ጠርሙስ ገዝተሽ ከማይስማማው ምግብ ጋር ብታቀርቢ ወጪሽን ነው የሚያዩት፤ መካከለኛውን ገዝተሽ ከሚስማማው ጋር ብታቀርቢ ግን ሙያሽን ያያሉ። በአንኮናና በሴኒጋሊያ ወጥ ቤቶች ስሠራ ልብ ያልኩት ነገር አለ፤ የዚያ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዛሬ ምን ዓሣ እንደገባ ነው። ወይኑ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም ጠርሙሱን ይዘሽ ምግብ አትፈልጊ፤ ምግቡን ወስኚና ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ሂጂ።

አገሩንም ትንሽ ላስተዋውቅሽ፤ ጠረጴዛ ላይ ወሬው ሲነሣ ባዳ እንዳትሆኚ። ማርኬ በጣሊያን ምሥራቅ በኩል፣ በአፔኒን ተራሮችና በአድሪያቲክ ባሕር መካከል ያለ ኮረብታማ ክፍለ ሀገር ነው። ኤዚኖ የሚባለው ወንዝ ከተራራው ተነሥቶ ከአንኮና ብዙ ሳይርቅ ባሕር ይገባል። በወንዙ ግራና ቀኝ፣ በዬዚ ከተማ ዙሪያ፣ ኮረብታ ኮረብታው ላይ የድሮ መንደሮች አሉ፤ ኩፕራሞንታና፣ ስታፎሎ፣ ሞንቴካሮቶ። ጠርሙሱ ላይ "ቨርዲኪዮ ዴይ ካስቴሊ ዲ ዬዚ" ተብሎ የተጻፈው በእነዚህ መንደሮች ስም ነው። ቀን ከባሕር ነፋስ ይመጣል፣ ማታ ከተራራ ብርድ ይወርዳል። ፍሬው ቀን በፀሐይ ይበስላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ስኳሩ እየጨመረ እንኳ ጎምዛዛነቱ ሳይጠፋ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ዘሩም ራሱ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ ሌላው ነጭ ወይን ተለቅሞ ሲያልቅ እሱ ገና ሐረጉ ላይ ነው።

ወደ ተራራው ገባ ሲባል ደግሞ ማቴሊካ አለ። የማርኬ ሸለቆዎች አብዛኞቹ ከተራራ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ የማቴሊካው ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጋደመ፣ ግራና ቀኙን በተራራ የታጠረ ነው። የባሕሩ ለስላሳ አየር አይደርሰውም። ሌሊቱ ስለሚበርድ ወይኑም ጠበቅ ያለ ነው፤ ጎምዛዛነቱ የተሳለ፣ ሰውነቱ ደግሞ ሙሉ። አካባቢው ትንሽ ስለሆነ ጠርሙሱ እንደ ልብ አይገኝም። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁለቱ የማቴሊካው ይበልጥብኛል፤ አንድ ቀን አብረን እንከፍተዋለን። ለእሑዱ ግን የዬዚውን አቅርቢ፤ እንግዶችሽ ያደጉበት ጣዕም እሱ ነው።

ሱቅ ስትገቢ ሥዕሉን ትተሽ ጽሑፉን አንብቢ። ቨርዲኪዮ ለመባል ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያው ከቨርዲኪዮ ዘር መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው። የማቴሊካው ስም በ1967፣ የዬዚው በ1968 በሕግ ተጠብቋል። "ክላሲኮ" የሚል ቃል ካለበት ከጥንቱ የወይን መሬት የመጣ ነው። "ክላሲኮ ሱፔሪዮሬ" ካለ ደግሞ አልኮሉ ቢያንስ 12 በመቶ ነው፤ ከአንድ ሄክታር የሚለቀመው ፍሬም ስለተገደበ ጣዕሙ አልተበተነም። ለእሑድ የምፈልግልሽ ይህኛውን ነው። "ሪዘርቫ" የሚለው ቢያንስ 18 ወር የቆየ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ በጣሊያን የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ተሰጥቶታል። ጥሩ ሪዘርቫ 10 ዓመትም ቢቀመጥ አይደክምም፤ እንዲያውም ማር ማርና ደረቅ ሣር የሚል ጠረን ያመጣል። ነጭ ወይን ሁሉ በዓመቱ መጠጣት አለበት የሚልሽን ሰው አትስሚው። ተራውን ግን አታስቀምጪ፤ የዘንድሮውን ወይም የአምናውን ግዢ። ጣሊያን ውስጥ ከ10 ዩሮ ብዙ ሳይርቅ ደህና ክላሲኮ ሱፔሪዮሬ ይገኛል። ጋሮፎሊ፣ ሳርታሬሊ፣ ኡማኒ ሮንኪ የሚሉ ስሞችን ብታዪ አትፍሪ፤ ቡቺ የሚለውን ካየሽ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይገባዋል። ከማቴሊካ ላ ሞናቼስካና ኮሌስቴፋኖ አሉ።

ወገቡ ቀጠን ያለውን፣ አረንጓዴውን፣ እንስራ የሚመስለውን ጠርሙስም ታዪዋለሽ። በ1953 ፋዚ ባታሊያ የሚባለው የወይን ቤት በአርክቴክት አስነድፎ ያወጣው ነው። ቨርዲኪዮን በዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ የባሕር ዳር ሽርሽር ርካሽ ወይን የሚል ስም አተረፈለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጎበዝ አምራቾች ወደ ተራው ጠርሙስ ዞረው ስሙን በትዕግሥት መልሰው ገነቡት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ገበሬው ወይኑን ሳይለውጥ የሰው አስተያየት በጠርሙስ ቅርጽ ሲለወጥ። አንቺ በቅርጹ አትናቂ፣ በቅርጹም አትግዢ።

አሁን ወደ ምሬቱ ልመለስ፤ ፊትሽን ያጨማደደው እሱ ስለሆነ። የአገራችን ሰው ወይን ሲባል ጣፋጭ ነገር ይጠብቃል። አክሱማይትን የለመደ አፍ ደረቅ ነጭ ወይን ሲገጥመው ኮምጣጤ የጠጣ ይመስለዋል። ጉደርን ከኮካ ወይም ከስፕራይት ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣውም ብዙ ነው፤ ያም የሆነው ጣፋጭ ፍለጋ ነው። ግን ምሬት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጌሾው ጠንከር ያለ፣ ማሩ በደንብ የተብላላ ጠጅ አስታውሺ፤ ቅባት ያለው ሥጋ በልተሽ ስትጎነጪው ያ የጌሾ ምሬት ስቡን ቆርጦት ነበር። ቨርዲኪዮም በዘይቱና በጨዉ ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ስለዚህ ስኳር አትፈልጊበት፤ ዘይት፣ ጨውና ዓሣ ስጪው።

ዓሣ ያልኩት ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር አፍ ውስጥ ሲገናኝ አንዳንዴ ብረት የመላስ ዓይነት ጣዕም ይመጣል፤ ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት የዓሣውን ቅባት እየነካካ መጥፎ ጠረን ያስነሣል፣ ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን የሚባለው ነገርም አፍሽን ያደርቀዋል። ቨርዲኪዮ ታኒን የለውም ማለት ይቻላል። ያለው ጎምዛዛነት ነው፤ እሱ ደግሞ ምራቅ ይጠራል፣ ቅባት ያጥባል። ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለምን ሆነና! እዚህ ላይ ግን ልብ በዪ፤ ሎሚውን ወይኑ ተክቶታልና ዓሣሽ ላይ ሎሚ አታብዢ። ምግቡ ከወይኑ የበለጠ ከጎመዘዘ ወይኑ ውኃ ይሆንብሻል፤ ጣዕም የለሽ፣ የሞተ። ሰላጣውንም በኮምጣጤ አትደፍቂው፤ ዘይት፣ ጨውና ጥቂት የሎሚ ጠብታ ይበቃዋል። ብዙ ቤት ጥሩ ወይን የሚገድለው በሰላጣው ነው።

የእሑዱ ዋና ምግብ ኦራታ ይሁን። ቅርፊትም ክንፍም ያለው ዓሣ ስለሆነ አንቺም ሳትጨነቂ ትበዪዋለሽ። ዓሣ ሻጩ ቅርፊቱን እንዲፍቅልሽ፣ ሆድ ዕቃውን እንዲያወጣልሽ ንገሪው፤ ጭንቅላቱን ግን አታስቆርጪ፣ ሲኞራዋ ትኩስነቱን የሚያውቁት በዓይኑ ነው። ለአራት ሰው ሁለት ተለቅ ተለቅ ያሉ ይበቃሉ። ድንቹን በስሱ ቁረጪ፤ በወይራ ዘይት፣ በጨውና በጥብስ ቅጠል እሺው። መጋገሪያውን 200 ዲግሪ አድርሰሽ ድንቹን ብቻውን ለ20 ደቂቃ ያህል አስገቢ፤ ዓሣው ከድንቹ ቀድሞ ስለሚበስል አብረሽ ካስገባሽ አንዱ ይቃጠላል ወይም አንዱ ጥሬ ይቀራል። ዓሣውን በጨርቅ በደንብ አድርቂው፤ እርጥብ ቆዳ አይጠበስም። ሆዱ ውስጥ ጨው፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ እንስላል ክተቺ። እንስላሉን አትዝለዪው፤ በማርኬ ሜዳ ላይ በራሱ የሚበቅል ነው፣ ያገሩ ሰው ጥንቸልም አሳማም ሲጠብስ ሆዱ ውስጥ የሚሞላው እሱን ነው፣ ቨርዲኪዮ ራሱም አሽተት ሲያደርጉት እንስላል እንስላል ይላል። አፍና አፍንጫ ሲስማሙ የምታዪው በዚህ ነው።

ድንቹ ጠርዙ መቅላት ሲጀምር ዓሣውን ከላዩ አጋድሚ፣ ለሁለት የተከፈሉ ትንንሽ ቲማቲሞች በዙሪያው በትኚ፣ ከምትጠጡት ከራሱ ከቨርዲኪዮው ግማሽ ብርጭቆ አፍስሺበት። ለመጠጥ ጥሩ፣ ለወጥ ርካሽ የሚባል ነገር አታምጪ፤ ምድጃ ውስጥ የገባው ወይን መረቁ ላይ ይወጣል፣ ብርጭቆው ውስጥ ካለው ጋር ዘመድ መሆን አለበት። ሌላ 20 ወይም 25 ደቂቃ። መብሰሉን ለማወቅ ከጀርባው ወፍራም ቦታ ላይ በቢላዋ ጫፍ ነካ አድርጊ፤ ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ትግል ከተላቀቀ አውጪው። አጥንቱ ላይ ሙጭጭ ካለ ጥቂት ደቂቃ ጨምሪለት። በትሪው ግርጌ የቀረውን መረቅ በማንኪያ ሰብስበሽ ድንቹ ላይ መልሺ፤ እሱን አትጣዪ፣ ወይኑ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ለምን ስቶካፊሶ አልሠራም ብለሻል። እኔ አትሥሪ እላለሁ። ስቶካፊሶ ከኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች የሚመጣ፣ በብርድ ነፋስ የደረቀ እንደ እንጨት ያለ ዓሣ ነው። ቀናት ሙሉ ውኃ እየተለወጠለት ይዘፈዘፋል። አንኮናውያን ድስቱ ግርጌ ላይ ሸምበቆ ይረበርቡና ዓሣውን፣ ቲማቲሙን፣ የተከተፈውን ሽንኩርትና ካሮት፣ አንቾቪውን፣ ከላይ ደግሞ ድንቹን ይደረድራሉ፤ የወይራ ዘይቱን ሳይሳሱ ያፈሱበታል፣ ቨርዲኪዮም ይገባበታል። ከዚያ ለሰዓታት በቀስታ ይበስላል፣ ማንም በማማሰያ አይነካውም፤ ሸምበቆው የተቀመጠው ሳይማሰል እንዳያርር ነው። ይህ የሲኞራዋ ምግብ ነው፤ እናታቸው እንዴት ትሠራው እንደነበር ያስታውሳሉ። በዚህ ላይ አትወዳደሪያቸው። እሳቸው ቤት ስትጋበዢ ብዪው፣ ቀስ ብለሽም ድስቱን እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። አማትና ምራት የሚቀራረቡት ምድጃ አጠገብ ነው፤ ከስቶካፊሶው ጋር የሚቀርበውን ቨርዲኪዮ ደግሞ ያኔ በቦታው ታውቂዋለሽ።

እዚያ ቤት ብሮዴቶ የሚባለው የዓሣ ወጥም መቅረቡ አይቀርም፤ የአንኮናው ብሮዴቶ በልማድ 13 ዓይነት የባሕር ፍጥረት ይገባበታል ይባላል። ከዓሣው ጋር ስኩዊድም፣ ሽሪምፕ የሚመስለውም፣ ዛጎሉም አለበት። በጋ ላይ ከሆነ ሞሾሊ ይመጣል፤ በፖርቶኖቮ በኩል ከባሕር አለት ላይ የሚነቀል ጥቁር ዛጎል ነው፣ በጣም ይወዱታል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እንደማትበዪ ሳህኑ ፊትሽ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ዛሬውኑ በእጮኛሽ በኩል ንገሪያቸው። የሠሩትን ሲመልሱባቸው ነው ሰዎች የሚያዝኑት፤ ቀድሞ ለነገራቸው ግን ደስ ብሏቸው ሌላ ይሠራሉ። ለአንቺ የሚሆን ወፍራም ዓሣ አያጡም።

ለመቆያ ጥቂት የተጠበሰ ነገር አቅርቢ። ጥብስ ከዚህ ወይን ጋር እጅግ ይወዳጃል፤ ዘይትና ጨው ባለበት ሁሉ ቨርዲኪዮ ሥራ አያጣም። ከአስኮሊ የመጣው የተሞላ ወይራ ዝነኛ ነው፤ ትልልቅ አረንጓዴ ወይራ ፍሬው ወጥቶ በሥጋ ይሞላና በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ይጠበሳል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ማሸጊያውን አንብቢ። ጊዜ ካለሽ ቤትሽ በበሬና በዶሮ ሙዪው፤ ከሌለሽ ዝኩኒ በቀጭኑ ቁረጪና ዱቄት ነስንሰሽ ጥበሺ። አይብ ካሰብሽ ካሾታ ዱርቢኖ የሚባለውን ለስላሳ የማርኬ አይብ ፈልጊ። ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጠንካራ አይብ ጋር ግን ተራው ቨርዲኪዮ አቅም ያንሰዋል፣ ለእሱ ሪዘርቫ ያስፈልጋል።

አባትየው ዓሣ አልወድም ካሉ ዶሮ አለ። ዶሮውን በወይራ ዘይት አቅልተሽ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል፣ በትንሽ ቲማቲምና በቨርዲኪዮ በቀስታ ማብሰል ነው፤ ፖታኪዮ ይሉታል። ከቀይ ሥጋ በስተቀር ይህ ወይን ብዙ ምግብ ይሸከማል።

የኛን ምግብ ላቅርብ ወይ ላልሽኝ፣ አቅርቢ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን በርበሬውን ለሌላ ቀን አቆዪው። በርበሬ ላይ አልኮል ሲጨመር ማቃጠሉ ይብሳል፤ ዶሮ ወጥ በልተሽ ቨርዲኪዮ ብትጎነጪ ወጡም ወይኑም ይጣላሉ፣ ምሬቱም ይጎላል። ዶሮ ወጥን ከጠጅ ጋር ሌላ ቀን ታበያቸዋለሽ፤ የጠጁ ማር በርበሬውን ያስታግሠዋል። ለእሑዱ ድንች አልጫ በእርድና በዝንጅብል ለዘብ አድርገሽ ሥሪ፣ ወይም ጎመን በነጭ ሽንኩርት። እንጀራው ብዙ ያልኮመጠጠ ይሁን፤ ከላይ ስለ ሎሚ ያልኩሽ ለእንጀራም ይሠራል። እንደ ሐዋሳው ዓሣ ሙሉውን በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶም ብታገኚ ከዚህ ወይን ጋር እንደ እሱ የሚስማማ የለም፤ ዳጣውን ብቻ በትንሽ ሳህን ለብቻው አስቀምጪው፣ የፈለገ ይንካ። ቅቤ ያለበት አልጫ ከሆነ ወደ ሪዘርቫው ዙሪ፤ ቅመም የገባበት ቅቤ ከቀላሉ ወይን ይከብዳል።

እሑዱ ጾም ላይ ከዋለም መላ አለው። ሽምብራውን ቀቅለሽ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አጣፍጪው። ባቄላ በእሸቱ ከተገኘም እንዲሁ። ካርቾፊ የሚሉት እሾሃም አትክልት ብዙ ወይን ያበላሻል፤ እሱን በልተሽ የምትጠጪው ነገር ያለ ቦታው ጣፋጭ ይመስልሻል። ቨርዲኪዮ ግን ጎምዛዛነቱ ስለበረታ ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋመዋል። ዓሣውንና ወይኑን ራሱን በተመለከተ እኔ አልፈርድም፤ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። አንቺ ውኃ ይዘሽ እንግዶችሽን ማስተናገድ ምንም ነውር የለበትም፤ ምክንያቱን ብትነግሪያቸው ያከብሩሻል።

ሲቀርብ ብርዱን ጠብቂ። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተቀዳ ነጭ ወይን ጠረኑ ይታፈናል፣ የሚሰማሽ ብርድና ጉምዝዝ ማለት ብቻ ነው። ለክላሲኮ ሱፔሪዮሬ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ከመቅዳትሽ 15 ደቂቃ ያህል ቀድመሽ ጠረጴዛ ላይ አውጪው። ሪዘርቫ ደግሞ ወደ 12 ዲግሪ ቢሞቅለት ይከፈታል። ብርጭቆው ባለ እግር ይሁን፣ ከሲሶው በላይ አትሙዪው። ሞልቶ የሚቀዳው ለእኛ የልግስና ምልክት ነው፣ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ባዶ የቀረው ቦታ ለጠረኑ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ እንዳትገዢ፤ ሁለት ይኑርሽ። አንዳንዴ ቡሹ ወይኑን ያበላሸዋል፤ ከፍተሽ ስታሸቺ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ካለሽ አትቅጂው፣ ሁለተኛውን ክፈቺ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ከፍተሽ ቅመሺ፤ ከዚያች ድንች ጋር።

እነሱም ጠርሙስ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ተቀብለሽ አመስግኚና አሁን እንክፈተው ወይስ ይቀመጥ ብለሽ ጠይቂ። ከማርኬ ያመጡት ከሆነ፣ ይልቁንም የሚያውቁት ገበሬ የሠራው ከሆነ፣ ያንቺን አቆይተሽ የእነሱን ክፈቺ፤ ስለ ገበሬውም አስወሪያቸው። የማን ኮረብታ እንደሆነ፣ መቼ እንደተለቀመ ሲያወሩ ምሳው ግማሽ ሰዓት ይረዝማል። የተረፈ ወይን ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባሽው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለዶሮው ድስት ነው።

በመጨረሻ ስለ ማቅመስ። አባትየው እጃቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ ካደረጉ በቃኝ ማለታቸው ነው። እንደኛ አገር "በሞቴ" እያልሽ አትለምኚያቸው፤ አንቺ ካለሽበት ከቦሎኛ አንኮና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሪውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፣ የጣሊያን ሕግም በአሽከርካሪ ደም ውስጥ በሊትር ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል አይፈቅድም። ብርጭቆውን ተዪና ቡናውን ቁዪ፤ ጀበናው ከተጣደ ሦስተኛው ሳይደርስ አይነሡም።